የሠፈር ጨዋታና የደራስያን ዝምታ

ከዚህ ዓምድ ጋራ የቆዩ አንባብያን እንደሚያውቁት፥ ልማዳችን አንድ የታተመ መጽሐፍ ይዞ መመርመር ነው። ዛሬ ግን የምንነሣው ካልታተመ ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ላይ የሰጠነውን ፍርድ መልሰን ስናየው ስሕተት ሆኖ አገኘነው፤ ስሕተቱም የእኛ ብቻ ሳይሆን ከድርሰታችን ልማድ የወረስነው ሆኖ ታየን። ስለዚህም ነገሩን ለብቻችን ከምንቋጥረው በአደባባይ መግለጡን መረጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሩዋንዳ ከሚባለው የአዲስ አበባ ሠፈር አንድ ወጣት መጥቶ አሥራ ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አስረከበን። ታሪኩ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ነው። አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ጀበና ጥደው ቡና ያፈላሉ፤ ሁለት ጡረተኞች በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ አንድ ሊስትሮ የሰው ጫማ እየጠረገ ዓይኑን ወደ ዳማው ይልካል፤ ልጆች ብይ ይጫወታሉ፤ ጥላው ከግድግዳው ሥር ሲሸሽ ዱካዎቹም አብረው ይሸሻሉ፤ ከዚያ ይመሻል። ይኸው ነው። እኛም ጽሑፉን አንብበን ስንጨርስ ከግርጌው በቀይ ቀለም «ታዲያ ምን ሆነ?» ብለን ጻፍንና መለስንለት።

ሠፈሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንናገር። ሩዋንዳ ከቦሌ ጎዳና ገባ ብሎ፥ ከወሎ ሠፈርም ከቦሌ ሚካኤልም ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ሠፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከሩዋንዳ ኤምባሲ ነው። የታክሲ ረዳት «ሩዋንዳ! ሩዋንዳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ የሰማ እንግዳ፥ በዚህች መኪና እስከ ኪጋሊ እንዴት ይደረሳል ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ በስም ረገድ እንዲህ ያለ ጠባይ አላት፤ ባዕዱን ስም ትቀበልና በጥቂት ዘመን ውስጥ የራሷ ታደርገዋለች። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ድርጅት ስም ነበረ፤ ዛሬ የሚጠራው ሰው ጣልያንን አያስብም። ሜክሲኮ አደባባይም የጣልያንን ወረራ አልቀበልም ላለች አገር የተሰጠ የክብር ስም ነው፤ ነገር ግን በዚያ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሚያስበው ስለ ወረፋው ነው። ሩዋንዳም እንደዚሁ ናት። ልጆቹ «እኛ የሩዋንዳ ልጆች ነን» ሲሉ የሚያስቡት ሱቁን፥ ኳስ ሜዳውንና የእነ እገሌን አጥር ነው።

ቦሌ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፎቁና መስተዋቱ ነው። ይህም ውሸት አይደለም። አየር ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደ ቦሌ ከዞረ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚመጣው እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ጎዳና ይኸው ስለ ሆነ፥ ጎዳናው ለእንግዳ እንደሚለበስ የክት ልብስ ሆኖ ቆይቷል። ከጎዳናው ሁለትና ሦስት መቶ እርምጃ ገባ ሲባል ግን የሚገኘው ሌላ ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ከቤቱ ብቅ ይላል፤ ባለ ሱቁ የማን ልጅ ለምን እንደ ተላከ ሳይነገረው ያውቃል። ይህ ኑሮ የትንሽ ከተማ ኑሮ ነው። አንድ ጊዜ እኛው ራሳችን በዚያ ሠፈር ተቀምጠን ያስተዋልነውን ብንናገር፥ አውሮፕላን በላይ ሲያልፍ የሠፈሩ ሰው ንግግሩን በመካከል ያቆምና፥ ድምፁ ሲርቅ ከተወው ቃል ላይ ይቀጥላል፤ ማንም በዚህ አይገረምም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከአውሮፕላኑ ጋራ የሚታገለው እንግዳው ብቻ ነው። ወጣቱ ይህን በጽሑፉ ውስጥ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አስቀምጦት ነበረ፤ እኛም አንብበን አልፈነዋል።

አሁን ወደ ፍርዳችን እንመለስ። «ምን ሆነ?» ብለን የጠየቅነው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ከራሳችን የመነጨ አልነበረም፤ ከአስተዳደጋችን የመጣ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከመነሻው ጀምሮ ትልቅ ነገር እንዲሸከም የታዘዘ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦርነትና ምርኮ፥ ስደትና መዳን የሞላበት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ. ም. ባሳተሙት «ሀዲስ ዓለም» ደግሞ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰው ዐወቀ፥ ድግሱንና ተዝካሩን የሚያየው እንደ ደዌ ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው ሲበሉና ሲጠጡ የታዩበት ገጽ ሁሉ ሰዎች የሚገሠጹበት ገጽ ነው። እኒህን ታላላቅ አባቶች አንነቅፍም፤ የጻፉበት ዘመን የሚጠይቀውን ጽፈዋል። ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ የመጣነው፥ ተግሣጹን ከነልማዱ ወርሰን፥ ሰው ዐርፎ ሲጫወት በድርሰት ውስጥ ባየን ቁጥር «ይህ ሰው ምን ጥፋት ሊያጠፋ ነው?» ብለን የምንጠብቅ ሆነናል። የአዲስ አበባ ሕዝብ የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው እናስታውስ። ደራስያኑ ከሕዝቡ ብዙ አልራቁም።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰክር የሚገባው ቋንቋችን ነው። አማርኛ ዕረፍትን በሁለት ዓይን ያያል። በአንድ በኩል «ሥራ ፈት» የሚል ቃል አለው፤ ስድብ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ «ጨዋታ» የሚል ቃል አለው። ጨዋታ ስንል ልጆች በብይና በገበጣ የሚያደርጉትን እንላለን፤ አዋቂዎች ተቀምጠው የሚያወጉትንም በዚሁ ስም እንጠራለን። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ተጫወቱ» ይባላል፤ ይኸውም ተናገሩ ማለት ነው። «ጨዋታ ዐዋቂ» መባል ከምስጋና ይቈጠራል። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ወሬንና ጨዋታን አንድ አድርጎ ካከበረ፥ የቋንቋው ደራስያን ለምን ጨዋታን አፈሩበት?

በሌላ በኩል የሚያሳፍረን ነገር አለ። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1935 እ. ኤ. አ. ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ በፓሪስ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ. ኤ. አ. ስለ ገበጣ ባወጣው ጥናት፥ በአገራችንና በአፍሪቃ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዐይነቶችን ሰብስቦ ደንባቸውን አንድ በአንድ መዝግቧል። ጠጠሩ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚነሣና በየትኛው እንደሚቆም ጽፎ ያስቀረልን የታሪክ ሊቅ ነው እንጂ የልብ ወለድ ደራሲ አይደለም። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሰዎች «ገበጣ ሲጫወቱ» እናገኛቸዋለን፤ ጠጠሩ ሲወድቅ ግን አንሰማውም። የጨዋታው ስም ይጠቀሳል፥ ጨዋታው ግን አይጫወትም።

ይህን ስንል ማንም በዚህ መንገድ አልሄደም ማለታችን እንዳይመስል። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ. ም. «መስከረም»ን፥ በ1952 ዓ. ም. ደግሞ «ሌላው መንገድ»ን ባወጣ ጊዜ፥ አጭር ልብ ወለድ የከተማን ሰው በከተማ ልብሱ ሊያሳይ እንደሚችል አስተምሯል። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ»ና በ«ጠልፎ በኪሴ» ሳቅን ወደ መድረክ አምጥቷል፤ ሳቁም የሰውን ልክ የሚያሳይ ሳቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ኑሮ ከጓዳ እስከ አደባባይ ቢያሳዩንም፥ መጽሐፉ የተነሣበት ክርክር ትልቅ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ልማድ ፍርድ ቤት እንደ ቀረበ ምስክር የሚናገረው ለክርክሩ ያህል ብቻ ነው። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ. ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን ሲያወጣ የአዲስ አበባን ሠራተኛ ጭንቀት እንደ እርሱ ያየ አልነበረም፤ ነገር ግን አበራና ወዳጁ ኃይለ ማርያም አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ መጠጡ ለሐሳብ መጋጫ እንጂ ለመጠጥነቱ አይቀዳም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ለብዙ ዘመን ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ መጽሐፍ ነው። የውቤ በረሃን ሌሊት ያለ አንዳች ማስመሰል ያሳየናል። ያ ግን ሌሊት ነው። እኛ የምንጠይቀው ስለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

እንግዲህ ልብ ይባል፤ በድርሰታችን ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ቤት ወይ የኀጢአት ቤት ነው፥ ወይ የክርክር ሸንጎ ነው። ሰው ቡና ለመጠጣት ብቻ ቡና ቤት የገባበት ገጽ እጅግ ጥቂት ነው። ከነዚህም ጥቂቶች መካከል መስፍን ሀብተ ማርያምን ማስቀደም ግድ ይሆናል። «የቡና ቤት ሥዕሎች»ን የጻፈው መስፍን፥ ወግ የሚባለውን የአጻጻፍ ዐይነት የያዘው ለዚሁ ትንሽ ነገር ነው። ወግ ምንም እንዲሆን አይጠይቅም፤ የተመለከተ ዓይንና የሚያጫውት አንደበት ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ወግን ከልብ ወለድ በታች እናስቀምጠዋለን፤ ይህም ሌላው ስሕተታችን ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው አዳም ረታም፥ በ1997 ዓ. ም. በወጣው «ግራጫ ቃጭሎች» የምግብን ሽታ፥ የጓሮን ዛፍና የልጅነትን ጨዋታ ለዋና ነገርነት አብቅቷቸዋል። የእንጀራን ዓይን ለአጻጻፍ ስልት አርኣያ አድርጎ የሚያስብ ደራሲ፥ ትንሹን ነገር ይንቃል ብሎ መጠርጠር አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ ዝርዝሩ ሲበዛ አንባቢ ይደክማል፤ እኛም ደክመን እናውቃለን። ቢሆንም ድካሙ የጠገበ ሰው ድካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ጉዳይ አብነት የሚሆነን፥ ከልብ ወለድ ወገን ያልሆነ አንድ መጽሐፍ ነው። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጠው፥ ሽማግሌው የሚናገሩትን በቴፕ እየቀዱ ጽፈው በ1959 ዓ. ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብለው አሳትመዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የነገሥታትና የሊቃውንት ታሪክ አለ፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ስለዚያ ይጠቅሱታል። ነገር ግን አንባቢን ይዞ የሚያስኬደው ጨዋታው ነው። አለቃ ስለ ተማሪ ቤት ኑሮና ስለ መንገድ ሲያጫውቱ ንግግራቸው አይቸኩልም፤ አንዱን ነገር ይጀምሩና ሌላ ያስታውሳቸዋል፤ ልጃቸውም አያቋርጧቸውም። ደራሲ የአባቱን ጨዋታ ሳያርም፥ ሳያሳጥር፥ «ታዲያ ምን ሆነ?» ሳይል መቀበሉ ትልቅ ትሕትና ነው። እኛ ያን ትሕትና ለወጣቱ ብንሰጠው ምን ነበረ!

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ጎረቤትም እንመልከት። ግብፃዊው ናጊብ ማሕፉዝ በ1947 እ. ኤ. አ. ያሳተመው የሚዳቅ ሰመተር ታሪክ፥ በካይሮ አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎችን የያዘ ነው። በመጀመሪያው ክፍል፥ በኪርሻ ቡና ቤት ማሲንቆ በሚመስል መሣሪያ የጥንት ታሪክ ሲያዜም የኖረው ሽማግሌ፥ ለሬዲዮ ቦታ እንዲለቅ ተነግሮት ይባረራል። ከዚያ በላይ ምንም አይሆንም፤ አንድ ሽማግሌ ወጥቶ ይሄዳል፥ ሬዲዮው ይሰቀላል። ነገር ግን አንድ ዘመን ማለፉን ከዚያ ገጽ የበለጠ የሚናገር የታሪክ መጽሐፍ አናውቅም። ህንዳዊው ናራያንም ማልጉዲ የምትባል የሌለች ትንሽ ከተማ ፈጥሮ፥ ከ1935 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ የዚያችን ከተማ ልጆችና ነጋዴዎች ሲጽፍ ኖረ። ማልጉዲን ከፍ ያደረጋት ጦርነት ወይም ንጉሥ አይደለም፤ የክሪኬት ጨዋታና የትምህርት ቤት ፍርሃት ነው።

በሩዋንዳም ሬዲዮው መጥቷል፤ ያውም በትልቅ መስተዋት ውስጥ ሆኖ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ሰው ሞልቶባቸው ከደጅ ይተርፋል። የአርሴናል ደጋፊና የማንችስተር ደጋፊ ወንድማማቾች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጀርባ ይሰጣጣሉ። ይህን አይቶ «ድሮ ቀረ» ብሎ ማልቀስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎችም አልቅሰዋል። እኛ ግን በዚህ ልቅሶ ውስጥ ስንፍና እናያለን። ገበጣን በነበረበት ዘመን ያልጻፈ ደራሲ፥ ኳሱን በዛሬው ቀን ሳይጽፍ፥ ገበጣው ጠፋ ብሎ ማዘኑ ምን ይባላል? ጆተኒ የሚመታው ልጅ፥ በከረንቦላ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆመው ጎረምሳ፥ ኮንከር ተጫውቶ በሻይ የሚወራረደው ሠራተኛ፥ ከቦሌ ሚካኤል በኩል ወተትና ቅመም የገባበትን ሻይ የሚቀዱት የሶማሌ ቤተሰቦች፥ ሁሉም ጸሐፊያቸውን ይጠብቃሉ። እነዚህም ነገ ያልፋሉ።

አንድ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን፤ ከባድም ነው። «ሕዝቡ በኑሮ ተጨንቆ ሳለ ስለ ቡናና ስለ ዳማ መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የምናገኘው ከዚያው ከተመለሰው ጽሑፍ ነው። በእጅ ጽሑፉ ውስጥ ቡና የሚያፈሉት ሴት በዕረፍት ላይ አይደሉም። ለሌላው ጨዋታ የሆነው ለእርሳቸው ሥራ ነው። ከሰሉን ተሸክመው የመጡት እርሳቸው ናቸው፤ ውሃውን የቀዱት እርሳቸው ናቸው፤ ጡረተኞቹ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጡ፥ ስኒውን በየመካከሉ እያለቀለቁ፥ ማን እንደ ከፈለና ማን በዱቤ እንደ ጠጣ በልባቸው ይቈጥራሉ። ወጣቱ ይህን አላወገዘም፤ አላለቀሰበትምም፤ ብቻ እጃቸውን አሳየን። አንዱ ጡረተኛ ሲሸነፍ ሴትዮዋ ሳቅ ይሉና ወዲያው ጀበናውን ያማትራሉ፤ የሣቁት ለአንድ አፍታ ነው። ያች አፍታ የእርሳቸውም ዕረፍት እንደ ሆነች ያስተዋልነው፥ እንግዲህ ኋላ ነው። የድሀ ሰው ዕረፍት እንዲህ በሌላው ዕረፍት መካከል እንደ ሽርፍራፊ የሚገኝ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ቅንጦት አይባልም።

ጽሑፉ እንከን አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። «ደስ የሚል»ና «ሞቅ ያለ» የሚሉት ቃላት በየገጹ ይመላለሱ ነበረ፤ ደስታን በስሙ እየጠሩ ማስደሰት አይቻልም። የጡረተኞቹ ንግግርም አንዳንድ ቦታ የመጽሐፍ አማርኛ ሆኖበት ነበረ። ሁለት ሽማግሎች ዳማ ላይ ሲቀመጡ «አንቱ» እየተባባሉ ይሳደባሉ፤ ስድቡን የሚያጣፍጠው «አንቱ»ው ነው። ወጣቱ ግን «አንተ» አሰኝቷቸው ጣዕሙን አሳጥቶታል። ልንነግረው የሚገባ ይህን የመሰለ ነገር ነበረ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ትተን «ምን ሆነ?» አልነው።

ቀጥሎ የሆነውን አሁን እንናገር። ወጣቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ጽሑፉን አሻሽዬዋለሁ ብሎ መጣ። ገጹ አሥራ ስምንት ሆኗል፤ በንጹሕ ወረቀት ተተይቧል። ጀምረን ስናነብ ሴትዮዋ አሉ፥ ጡረተኞቹ አሉ፥ ዳማውም አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ይቸኩላል። በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ከጡረተኞቹ አንዱ ሲጋራ ሊገዛ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ልቅሶ፥ የዕድር ድንኳንና ስለ ሕይወት ከንቱነት የተጻፈ ረዥም ስብከት ናቸው። አውሮፕላኑ የለም። የተቋረጠው ንግግር የለም። የሴትዮዋ ሳቅም የለም፤ በምትኩ ደረታቸውን ይመታሉ።

ወጣቱ ከፊታችን ተቀምጦ መልካም ቃል ይጠብቅ ነበረ። «አሁን ነገር ሆኖበታል» አለን። በእውነትም ሆኖበታል፤ ያን ሰው የገደልነው እኛ ነን። በሁለት ቃልና በቀይ ቀለም አንድ በሕይወት የነበረ ሽማግሌ አስገደልን፥ አንድን ጥሩ ጽሑፍም አብረን ቀበርን። በአገራችን ሐያሲ ደራሲን ያበላሸበት ጊዜ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ክፉ ቃል ነው። እኛ ግን ክፉ ቃል አልተናገርንም፤ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን። ጥያቄው ግን ከዘለፋ ይልቅ ጐዳው። ዘለፋ ቢሆን ኖሮ ሊንቀው ይችል ነበረ፤ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋልና መለሰልን።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዲያመጣልን ለመንነው። ፊቱ ተለወጠ። አዲሱ ሲተየብ አሮጌውን እንደ ረቂቅ ቈጥሮት፥ ወረቀቱ ጀርባው ባዶ ስለ ነበረ፥ ታናሽ እኅቱ የሒሳብ መለማመጃ እንዳደረገችው ነገረን። እንግዲያው ሄደህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥና እንደገና ጻፈው ብንለው፥ ያ የቡና ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ለፎቅ መሠረት እየተቈፈረ መሆኑን ገለጠልን። አዲስ አበባ መታደሷን የሚጠላ የለም። በ2016 ዓ. ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት፥ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለውን ጨምሮ፥ ብዙ መንገድ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መንገድና መቀመጫ ተሠርቷል፤ በማታ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሲናፈሱ እናያለን፥ ይህም ራሱን የቻለ አዲስ የሠፈር ደስታ ነውና ደራሲ ይፈልጋል። ነገር ግን ከተማ በታደሰ ቁጥር የሚጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በየትኛው ግድግዳ ሥር፥ በስንት ሰዓት፥ ጥላ ይገኝ እንደ ነበረ የሚያውቀው ዕውቀት ነው። ያን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የለም። መዝጋቢው ደራሲ ነው፤ ደራሲውን ደግሞ እኛ መልሰነው ነበረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣቱ ከእኅቱ ደብተር መካከል ያገኛቸውን ሰባት ገጾች ይዞ መጣ። በጀርባቸው ማካፈልና ማባዛት ተጽፎባቸዋል፤ ከሰባቱም በአንዱ ላይ የእኛው ቀይ ቀለም አለ። አውሮፕላኑ ያለበት ገጽ ተርፏል፤ የሴትዮዋም ሳቅ ተርፏል። እነዚህ ገጾች ከነመቈራረጣቸው በሚመጣው ወር እትም እንዲወጡ የመጽሔቱ ክፍል ፈቅዷል፤ «አንተ» የሚለው ቃል «አንቱ» ተብሎ ከመታረሙ በቀር አልነካናቸውም።

የጠፉት አምስት ገጾች የዳማው ፍጻሜ ያለባቸው ነበሩ። ማን እንዳሸነፈ ወጣቱ ረስቶታል፤ እኛም አንድ ጊዜ አንብበነው ነበረ፥ ነገር ግን «ምን ሆነ» ብለን የጠየቅነው እኛው የሆነውን አላስታወስነውም። ወጣቱ ከሁለቱ ጡረተኞች ጋራ ሊያገናኘን ወሰደን። አሁን የሚጫወቱት ከቀድሞው ቦታ ጥቂት ወረድ ብሎ ከአንድ ጋራዥ አጥር ሥር ነው፤ ሴትዮዋም ጀበናቸውን ይዘው ወደዚያው ዞረዋል። የዚያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ብንጠይቃቸው አንዱ «እኔ ነኛ፥ እርሳቸው መቼ አሸንፈው ያውቃሉ» አሉ፤ ሁለተኛውም ቆርኪውን እየደረደሩ «አንቱ ሰው፥ ሽምግልናውስ ይሁን፥ ውሸቱን ከየት አመጡት?» አሉ። ሴትዮዋን ብንጠይቃቸው፥ ማን እንዳሸነፈ እንደማያውቁ፥ ነገር ግን የሁለተኛውን ስኒ ሒሳብ ከሁለቱም እስካሁን እንዳልተቀበሉ ነገሩን።